የጌም ሽታ ያላቸውን የእጅ ሥራዎች ኦንላይን ለመሸጥ፦ ክር ከመግዛታችሁ በፊት

የጌም ካራክተር በኪሮሽ ሠርቶ ቴሌግራም ላይ ለለጠፈ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ጥያቄ «ስንት ነው?» የሚል ነው። «ካራክተሩ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ የለም። ሻጩም ራሱን ካልጠየቀ አንድ ቀን የኩባንያ ጠበቃ ይጠይቀዋል።

ድሬዳዋና ሐረር እጁ የተባረከ ወጣት ሞልቶባቸዋል። ጥልፍ የሚጠልፍ አለ። ሬዚን አፍስሶ የቁልፍ መያዣ የሚሠራ፣ እንጨት የሚቀርጽ፣ አሻንጉሊት የሚሰፋ አለ። ብዙው ደግሞ ፕሌይስቴሽን ቤት ተጋፍቶ ያደገ ነው። እጁ የሚያውቀውንና ልቡ የሚወደውን አንድ ላይ ቢያመጣ አይገርምም። አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ የጌሙን ዓለም ጣዕም ሽጡ፤ ካራክተሩን፣ ስሙንና አርማውን ለባለቤቱ ተዉለት። እንዴት እንደሚደረግ እንየው።

አንደኛ፦ ከጌሙ ምን እየወሰዳችሁ እንደሆነ ለዩ

አንድ ትንሽ አሻንጉሊት ላይ ሁለት ሦስት መብት ሊደራረብ ይችላል።

የመጀመሪያው የቅጂ መብት ነው። ሥዕሉን፣ የካራክተሩን መልክ፣ ሙዚቃውንና ታሪኩን ይጠብቃል። ለዚህ መብት መመዝገብ አያስፈልግም። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ወጥ ሆኖ ግዙፍነት ካገኘ መብቱ ያን ጊዜ ይወለዳል። ሐሳብ ግን ጥበቃ የለውም። «እየዘለለ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው» ሐሳብ ነው። ቀይ ኮፍያ፣ ሰማያዊ ቱታና ወፍራም ጺም ያለው ቧንቧ ሠራተኛ ግን ማሪዮ ነው፤ ባለቤቱም ኒንቴንዶ ነው።

ይህን ድንበር በደንብ ያሳየው የቴትሪስ ክርክር ነው። ቴትሪስን አሌክሲ ፓጂትኖቭ ሞስኮ ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ዢዮ የተባለ ኩባንያ ሚኖ የሚል ተመሳሳይ ጌም አወጣ። «የጨዋታ ሕግ የማንም አይደለም፤ እኔም የወሰድኩት ሕጉን ነው» ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2012 (ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) የኒው ጀርሲ ፌዴራል ፍርድ ቤት በመጀመሪያው ነጥብ ተስማማ፤ የጨዋታ ሕግ በእርግጥም ነጻ ነው። ዢዮ ግን ተሸነፈ። የቁርጥራጮቹን መልክ፣ የሰሌዳውን 20 በ10 ልክ፣ ቁራጩ የሚያርፍበትን የሚያሳየውን ጥላ ሳይቀር ወስዶ ነበር። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው። በቀለማት ካሬዎች የተሞላ ምንጣፍ መሥራት ይቻላል። ምንጣፉ የቴትሪስን ስክሪን ከመሰለ ግን ሐሳብ ወሰድኩ ማለት አያዋጣም።

ሁለተኛው የንግድ ምልክት ነው። ስምና አርማ እዚህ ይገባሉ። ቅርጽም ሊገባ ይችላል፤ የፕሌይስቴሽን ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ መስቀልና ካሬ የሶኒ የተመዘገቡ ምልክቶች ናቸው። ስም ምን ያህል ከባድ ንብረት እንደሆነ ለማየት ፕሌይስቴሽን ቤት ግቡ። ልጆቹ ዛሬም «ፊፋ እንጫወት» ይላሉ። ጌሙ ግን ከ2023 ጀምሮ ፊፋ አይባልም። ኢኤ ስፖርትስ ጌሙን ለዓመታት ሲያወጣ ኖሮ ከፊፋ ጋር ሲለያይ ስሙን ትቶ ወጣ፤ ኤፍሲ ብሎም ሰየመው። ግዙፉ ኩባንያ ያለ ውል ሊይዘው ያልቻለውን ስም እኛ ኩባያ ላይ አትመን ልንሸጥ አንችልም። ኩባያው ላይ የክለብ አርማና የተጫዋች ፎቶ ከተጨመረ ደግሞ ባለቤቶቹ ሦስትና አራት ይሆናሉ።

ሦስተኛው የኢንዱስትሪ ንድፍ ነው። የዕቃውን ውጫዊ ቅርጽ ይመለከታል። የአንድን ኮንሶል ጆይስቲክ ልክ በልክ የሚገለብጥ ሰው ይጠንቀቅ፤ ሌላው ብዙ አያሳስበውም።

ሁለተኛ፦ ሐሳባችሁን በሦስት ክምር መድቡ

ወረቀት አውጡና መሥራት የምትፈልጉትን ሁሉ ጻፉ።

«የማንም ያልሆነ» የሚለው ክምር ከምታስቡት በላይ ሰፊ ነው። በካሬ ካሬ የተሠራ ልብ፣ ሰይፍ፣ ጋሻ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሀብት ሣጥን፣ ዘንዶ፣ ቁልፍ፣ «ጨዋታው አልቋል» የሚል ጽሑፍ ሁሉ እዚህ ይገባሉ። በራሳችሁ እጅ እስከተሣሉ ድረስ ማንም አይጠይቃችሁም። ገበጣ የምንለው ባህላዊ ጨዋታም እንዲሁ ነው። ከጥሩ እንጨት ተቀርጾ፣ ጠጠሮቹ በትንሽ ከረጢት ተደርገው ቢሸጥ የማንም ፈቃድ አይጠየቅበትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሐረር ሰው ትልቅ ሀብት ያለው እዚህ ነውና። የሐረሪ ስፌት ዙር በዙር ነው የሚወጣው። ጥለቱ የሚወለደው ስፌት ተቆጥሮ ቀለም ሲለወጥ ነው። የድሮ ጌም ሥዕልም ካሬ ተቆጥሮ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የጌም መልክ ያለው ሙዳይ ወይም የግድግዳ ስፌት ለመሥራት ከጃፓን ካራክተር መዋስ አያስፈልግም። ጅቡ አለላችሁ። አምስቱ የጀጎል ጥንታዊ በሮች አሉ፤ ከበር ወደ በር እያለፈ የሚሄድ የጅብ ጀግና ብትፈጥሩ ማን ይከለክላችኋል? ድሬ ደግሞ ባቡሩ፣ ለገሀሬው፣ ሰማያዊ ፔጆው አለላት። በእነዚህ የተሠራ ባለ ካሬ ጥልፍ ገዢው ሌላ ቦታ አያገኘውም። ማሪዮን ግን ከቻይና በርካሽ ያገኘዋል። በዋጋም ቢሆን የምታሸንፉት በራሳችሁ ነገር ነው። ባህላዊውን ጥለት ግን «የኔ ፈጠራ» ብላችሁ አትሽጡት። ጀጎል ውስጥ እናቶች ለስንት ትውልድ የሰፉት ነው።

«ሊጠየቅ የሚችል» የሚለው ሁለተኛው ክምር ነው። አንዳንድ ጌም ሠሪዎች አድናቂዎች ዕቃ ሠርተው በትንሹ እንዲሸጡ የሚፈቅድ ደንብ ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። የጌንሺን ኢምፓክት ባለቤት ሆዮቨርስ እንዲህ ያለ መመሪያ አለው። ደንቡ የብዛት ጣሪያ፣ የክልከላ ዝርዝርና የአርማ አጠቃቀም ይኖረዋል፤ በየጊዜውም ይለወጣል። ስለዚህ ከሌላ ሰው አትስሙ፤ ከራሱ ገጽ አንብቡ፤ ያነበባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ስክሪንሾት አስቀምጡ። ለአገራችን ጌሞች ደግሞ መንገዱ ያጥራል። ኩኩሉ የሚባለውን የዶሮ ጌም የሠራው ቅኔ ጌምስ አዲስ አበባ ነው። የኩኩሉን ዶሮ በኪሮሽ መሥራት ያማረው ሰው በአማርኛ ደብዳቤ ሊጠይቅ ይችላል።

ሦስተኛው ክምር «ተወው» ነው። ማሪዮ፣ ፒካቹ፣ ሶኒክ፣ ፓክ ማን። ፓክ ማን አርጅቷል፤ ነጻ ሆኗል የሚል ካለ ይሄን ይስማ፦ ኩባንያ ያሠራው ሥራ በአሜሪካ ሕግ ከታተመ በኋላ 95 ዓመት ይጠበቃል። ፓክ ማን የወጣው በ1980 ነው። ደምሩትና እስከ 2075 ጠብቁ።

ሦስተኛ፦ ስሙን ፈልጉ

የሱቃችሁንና የዕቃችሁን ስም ከማተማችሁ በፊት የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ግሎባል ብራንድ ዳታቤዝ ላይ ግቡ። በነጻ ነው። ስሙን አስገቡና ማን እንዳስመዘገበው፣ በየትኛው አገር፣ ለምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ እዩ። የንግድ ምልክት በምድብ ነው የሚመዘገበው፤ በጠቅላላው 45 ምድብ አለ። ልብስ 25ኛ፣ አሻንጉሊትና ጨዋታ 28ኛ፣ ጌጣጌጥና የቁልፍ መያዣ 14ኛ፣ ስቲከርና ወረቀት 16ኛ፣ ኩባያ 21ኛ ነው። ትልልቅ ጌሞች ብዙውን ጊዜ በነዚህ ሁሉ ላይ ተመዝግበዋል። «እነሱ ጌም ነው የሚሸጡት፤ እኔ ቲሸርት ነው» የሚለው እዚህ ላይ ይፈርሳል። አነባበቡ የሚመሳሰል ስምም ፈልጉ። አንድ ፊደል መለወጥ አያድንም።

አራተኛ፦ ፈቃድ ጠይቁ፤ ዝምታን ግን እንደ እሺ አትቁጠሩ

ደብዳቤው አጭር ይሁን። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«እኔ በድሬዳዋ ከተማ የእጅ ሥራ የምሠራ ሰው ነኝ። ከጌማችሁ ውስጥ ያለውን ይህን ካራክተር በኪሮሽ ሠርቼ ለመሸጥ ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። የምሠራው ከ30 ፍሬ አይበልጥም። የምሸጠው በቴሌግራምና በኢንስታግራም ነው። የናሙናውን ፎቶ አያይዣለሁ። አርማችሁን አልጠቀምም። ፈቃዱ የሚጸናበትን ጊዜና የምትጠይቁት ክፍያ ካለ በጽሑፍ እንድትገልጹልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ላይመልሱ ይችላሉ። ከመለሱም ፈቃድ የሚሰጡት ለፋብሪካ ነው እንጂ ለአንድ ሰው እጅ አይደለም። ትንንሾቹ ጌም ሠሪዎች ግን ብዙ ጊዜ ራሳቸው ናቸው ኢሜይል የሚያነቡት። በስልክ «ችግር የለውም» ከተባላችሁም «እንደተነጋገርነው» ብላችሁ በጽሑፍ መልሳችሁ አረጋግጡ።

አምስተኛ፦ ከሰፈር የሚሰሙትን ማጽናኛዎች አትመኑ

«30 በመቶውን ከቀየርከው የአንተ ነው» ይባላል። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። በ1982 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያየውን ጉዳይ ውሰዱ። ፊሊፕስ ኬሲ መንችኪን የሚባል ጌም አወጣ። ዋሻውን ቀይሯል፤ አጨዋወቱንም ቀይሯል። ነገር ግን የሚበላው ክብ ፍጥረትና የሚያሳድዱት መናፍስት ፓክ ማንን ይመስሉ ነበር። የፓክ ማን የቤት ጌም ፈቃድ የነበረው አታሪ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም ሽያጩን አገደ። ዳኞቹ የተቀየረውን አልቆጠሩም፤ የተወሰደውን ነው ያዩት።

«የሰፋሁት በእጄ ነው» ይባላል። የእጅ ሥራነቱ ጥራቱን እንጂ መብቱን አይነካም። ሐረር መኪና ግርግር ሰፈር ያሉት ልብስ ሰፊዎቻችን የፈለጋችሁትን ልብስ እያያችሁ ሰፍተው ያስረክቧችኋል። ለራስ ልጅ ልደት የተሰፋን ልብስ ፈልጎ የሚመጣ ጠበቃ የለም። ልብሱ ንግድ ሲሆን ነው ነገሩ የሚለወጠው። ቶኪዮ ውስጥ ለቱሪስት ትንንሽ የእሽቅድምድም መኪና ከነማሪዮ ልብስ የሚያከራይ ድርጅት ነበር። ኒንቴንዶ በ2017 ከሰሰው። በ2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት 50 ሚሊዮን የን እንዲከፍል ወሰነበት። ድርጅቱ ጌም አልሸጠም፤ ልብስ ነው ያለበሰው።

«ጨርቁን ከድሬው ታይዋን ገበያ ገዝቼ ነው» የሚለው ግን ከሌሎቹ ይሻላል፤ ግማሽ እውነት አለበት። በአሜሪካ ባለቤቱ ፈቅዶ ያሳተመውን ጨርቅ ገዝቶ ቦርሳ መስፋት በመርህ ደረጃ ይቻላል። በ1997 የፖርቶ ሪኮ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሕጋዊ ጨርቅ የተሰፋ የአልጋ ልብስ የቅጂ መብት እንዳልጣሰ ወስኗል። ጥያቄው ጨርቁ ሕጋዊ ነው ወይ የሚለው ነው። የጨርቁን ዳር ገልብጣችሁ እዩ። በፈቃድ የታተመ ጨርቅ ዳሩ ላይ የባለመብቱ ስምና ዓመት ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ባዶ ከሆነ ተጠራጠሩ። ሕጋዊ ቢሆንም ቦርሳውን «የፖክሞን ቦርሳ» ብላችሁ አትሽጡት፤ ፖክሞን ኩባንያ የሠራው ይመስላልና።

«የቅጂ መብት ለመጣስ አስቤ አይደለም» ብሎ ከፎቶው ሥር መጻፍም ምንም አያድንም። እንዲያውም እያወቃችሁ እንደሠራችሁ ያሳያል። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሣለ ማሪዮም ያው ማሪዮ ነው።

ስድስተኛ፦ ትዕዛዝ ሲመጣ መልስ ይኑራችሁ

ራሳችሁ ብትጠነቀቁም ደንበኛ ፎቶ ይዞ ይመጣል። «የኔ እህት፣ ልጄ ልደቱ ቅዳሜ ነው፤ ፒካቹ ካልሆነ አልፈልግም ብሎኛል» ይባላል። በትዕዛዝ መሥራትም መሸጥ ነው። ሳትጨቃጨቁ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«እትዬ፣ ፒካቹ ባለቤት ስላለው አልሠራውም። ልጁ ቢጫ ከወደደ በራሴ ንድፍ ቢጫ የጅብ ግልገል እሠራለታለሁ፤ ስሙንም ደረቱ ላይ እጠልፍለታለሁ። እስከ ዓርብ ይደርሳል።»

አንዳንዱ «አቦ አታካብጂ!» ብሎ ይሄዳል። ይሂድ። የቀረው ደግሞ የልጁን ስም ይጽፍላችኋል።

ሰባተኛ፦ የሽያጭ ጽሑፉን አጽዱ

ብዙ ሰው የሚያዘው በዕቃው ሳይሆን በጽሑፉ ነው። ባለመብቶች የሚፈልጉት በስም ነው፤ ሃሽታግና ርዕስ ውስጥ ያለውን ስም ኮምፒውተር ራሱ ይለቅመዋል። ዕቃው ባለ ካሬ ልብ ከሆነ «በእጅ የተጠለፈ የድሮ ጌም ስልት ልብ፣ ሐረር» በሉት። ለዕይታ ብላችሁ የሰው ስም አትጨምሩበት። ከጀርባም የጌም ስክሪን ወይም ፖስተር አታድርጉ። ስም መጥቀስ የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ የጆይስቲክ መያዣ ከረጢት ከሠራችሁ የትኛው ጆይስቲክ እንደሚገባበት መናገር ትችላላችሁ። በተራ ፊደል፣ ያለ አርማ፣ ስሙ ከዕቃችሁ ስም ሳይጎላ ይሁን።

ስምንተኛ፦ ሱቁ በማን ስም ነው?

ከአገር ውጭ ለመሸጥ የክፍያ ነገር ስለሚያስቸግር ብዙ ልጆች ውጭ ባለች እህት ወይም የአክስት ልጅ ስም ሱቅ ይከፍታሉ። አስቡበት። ክስ ቢመጣ የሚያርፈው በእሷ ስም፣ በእሷ ባንክና በእሷ አድራሻ ነው። ድሬ ያለው ሰው አካውንቱ ተዘጋ ብሎ ያዝናል፤ እሷ ግን ደብዳቤው ቤቷ ድረስ ይመጣል። ገዢው አሜሪካ ካለ የአሜሪካ ሕግ፣ ጀርመን ካለ የጀርመን ሕግ ይመለከታችኋል። ፖስታው ጉምሩክ ላይ ሊያዝም ይችላል።

«እኔ አገር ውስጥ ብቻ ነው የምሸጠው» የሚልም አለ። ፌስቡክም ሆነ ኢንስታግራም የራሳቸውን ደንብ ነው የሚያስከብሩት፤ የት እንደምትኖሩ አይጠይቁም። የኛም ሕግ ቢሆን ቀላል አይደለም። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ሆነ ብሎ መብት ለጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል።

ዘጠነኛ፦ ማስጠንቀቂያ ከመጣ

መጀመሪያ እውነተኛ መሆኑን አጣሩ። «የቅጂ መብት ጥሰሃል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ይህን ሊንክ ካልነካህ አካውንትህ ይዘጋል» የሚል መልእክት ብዙ ጊዜ የሌባ ነው። ሊንኩን አትንኩ፤ የይለፍ ቃልም አትስጡ። አፑን ራሳችሁ ክፈቱና በአካውንታችሁ የማሳወቂያ ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ነገር መኖሩን እዩ።

እውነተኛ ከሆነ ዕቃውን ወዲያው አውርዱ። ተመሳሳይ የሆኑትንም ሳይነገራችሁ አውርዱ፤ ተደጋጋሚ ጥሰት አካውንት ያዘጋል። በስም የተጻፈ ደብዳቤ ከጠበቃ ከመጣ ደግሞ በቁጣ አትመልሱ፤ የሸጣችሁትንም ብዛት በስልክ አታውሩ። ወደ ሕግ ባለሙያ ውሰዱት።

ሥራው በእርግጥ የራሳችሁ ሆኖ በስህተት ከወረደባችሁ ተቃውሞ ማቅረብ ይቻላል። በአሜሪካ የ1998 የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ መሠረት ተቃውሞ ካቀረባችሁ ከሳሹ ፍርድ ቤት ካልሄደ ዕቃው ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ይመለሳል። ግን ተቃውሞው ቀልድ አይደለም። በሐሰት መናገር በወንጀል እንደሚያስጠይቅ አውቃችሁ፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ተስማምታችሁ ነው የምትፈርሙት። ለፒካቹ እንዲህ አይፈረምም። በራሳችሁ እጅ ለሣላችሁት ጅብ ግን ይፈረማል።

አሥረኛ፦ የራሳችሁን አስጠብቁ

ጅቡ ገበያ ካገኘ ይገለበጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ንድፍ፣ የካሬ ቆጠራ ወረቀቱንና በሥራ ላይ ያነሣችሁትን ፎቶ ከነቀናቸው አስቀምጡ። የቅጂ መብት ያለ ምዝገባ ቢወለድም ማስረጃ የሚፈልግ ቀን ይመጣል።

ስሙ ግን ምዝገባ ይፈልጋል። እዚህ ላይ የሚደባለቅ ነገር አለ። ከንግድ ቢሮ ፈቃድ ስታወጡ የሚሰጣችሁ የንግድ ስም ነው፤ የንግድ ምልክት አይደለም። ምልክቱን የሚመዘግበው አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። የምልክቱን ሥዕል፣ የምትሸጡትን ዕቃ ዝርዝርና ምድቡን ይዛችሁ ታመለክታላችሁ። ወኪል መያዝ የግድ የሚሆነው ዋና ሥራው ከኢትዮጵያ ውጭ ለሆነ አመልካች ነው። ከተመዘገበ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያም በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። መጀመሪያ አንድ ምድብ ብቻ፣ በብዛት በምትሸጡት ዕቃ አስመዝግቡ። አሻንጉሊቱ ከጥልፉ በልጦ ከተሸጠ 28ኛውን አስቀድሙ።